ከአድሚሽን ኦፊስ (ከዩኒቨርሲቲው ተማሪ መቀበያ ቢሮ) ኢሜይል ሲመጣላችሁ ምን ማለት ነው? ውጭ ለሚያመለክቱ የወሎ ልጆች ደረጃ በደረጃ

ሰላም የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የወልድያ፣ የከሚሴ ልጆች፣ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ መርሳ፣ ቆቦ፣ መካነ ሰላም ያላችሁም እንዴት ከረማችሁ። ይሄን የምፅፈው አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በስኮላርሺፕ ለመግባት ለምታመለክቱ ወይ ለማመልከት ላሰባችሁ ነው፣ ወላጆችም ብታነቡት ደስ ይለኛል ምክንያቱም ገንዘቡም ጭንቀቱም እናንተ ላይ ነው ሚያርፈው።

በየዓመቱ መስከረምና ጥቅምት ላይ እማየው ነገር አለ። ልጁ ኢሜይሉን ሲከፍት የትልቅ ዩኒቨርሲቲ ስም ያያል፣ በስሙ ጠርቶ "እንዳንተ ያለ ተማሪ እንፈልጋለን፣ አመልክት" ይለዋል፣ ስክሪንሾት ተነስቶ ለዘመድ አዝማድ ይላካል፣ እናት ስለት ትሳላለች ወይ ዱዓ ታስደርጋለች፣ ጅዳ ያለችው አክስት ደውላ እንኳን ደስ ያላችሁ ትላለች። መጋቢት ላይ ደሞ "እናዝናለን" የሚል ደብዳቤ ይመጣና ቤቱ ለቅሶ ቤት ይሆናል፣ ልጁ የሆነ ነገር አበላሽቶ እድሉን ያስወሰደ ነው ሚመስላቸው። ልጁ ምንም አላበላሸም። መስከረም ላይ የመጣው ኢሜይል መጀመሪያውኑ የመቀበያ ደብዳቤ አልነበረም።

እንዲህ የምንረዳበት ምክንያት አለው። እኛ አገር ዩኒቨርሲቲ ለተማሪ አይፅፍም፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ይወጣል፣ ትምህርት ሚኒስቴር ይመድባል፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደረሰሽ ወይ ጅማ ደረሰህ ይባላል፣ በቃ አለቀ። ስለዚ ከዩኒቨርሲቲ ስምህን ጠርቶ የመጣ ነገር ካለ "ተወስኗል" ብለን ነው ምናነበው። የአሜሪካዎቹ ግን ከመወሰናቸው በፊት ለወራት ይፅፋሉ፣ ላልወሰኑለትም ይፅፋሉ፣ ለማይቀበሉትም ይፅፋሉ። እና እያንዳንዱ ኢሜይል ሲመጣ ምን አይነት እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፣ እንዴት እንደሚለይ እነሆ።

1. መጀመሪያ ቀኑን እዩ፦ ከማመልከታችሁ በፊት ነው በኋላ?

ከሁሉ ቀድሞ እሚጠየቅ ጥያቄ ይሄ ነው። ማመልከቻችሁን ሰብሚት ሳታደርጉ የመጣ ማንኛውም ኢሜይል፣ የቱንም ያህል ቢያሞግሳችሁ፣ ማስታወቂያ ነው። እንዴት ይወስናሉ? ትራንስክሪፕታችሁን (የየክፍሉ ውጤታችሁን) አላዩት፣ ድርሰታችሁን አላነበቡት፣ አስተማሪያችሁ ስለናንተ የፃፈላችሁን አላገኙት። ሰኞ ገበያ ላይ ነጋዴው "ና ወንድሜ ግባ" ብሎ ሲጠራህ ጨርቁን በነፃ ሰጠህ ማለት እንዳልሆነው ነው።

ለምን ይፅፋሉ ካላችሁ ብዙ አመልካች ይፈልጋሉ። የተማሪ ቁጥር ያነሰባቸው ዩኒቨርሲቲዎች በትክክል እንድትመጡላቸው ነው ሚፅፉት፣ ትልልቆቹ ደሞ ከየአገሩ የተለያየ ተማሪ ለመምረጥ እንዲመቻቸው ሰፊ መረብ ይጥላሉ፣ አመልካች በበዛ ቁጥር ደሞ የሚቀበሉት ፐርሰንት ዝቅ ይላልና ስማቸው ይገናል። ሃርቫርድ ከ100 አመልካች 4 ገደማ ብቻ ነው ሚቀበለው፣ ሆኖም "አመልክቱ" የሚል ኢሜይል ለብዙ ሺ ተማሪ ይልካል። ውሸታም ናቸው እያልኩ አይደለም፣ ግብዣው የእውነት ግብዣ ነው፣ ግን የተጋበዛችሁት ወደ ውድድሩ ነው።

2. ከየት አገኙኝ ብላችሁ አስቡ

"እኔን እንዴት አወቁኝ? የሆነ ሰው ነግሯቸው ነው?" የሚል ጥያቄ በጣም ይበዛል። መልሱ ቀላል ነው። ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚወሰደውን ኤስ ኤ ቲ የሚባል ፈተና ስትመዘገቡ ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ "መረጃህን ለዩኒቨርሲቲዎች ላጋራልህ ወይ" ብሎ ይጠይቃል፣ እሺ ካላችሁ ስማችሁ፣ ከተማችሁ፣ መማር የምትፈልጉት ነገር፣ ውጤታችሁ በየትኛው ክልል እንዳለ በዝርዝር ውስጥ ይገባል፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ያንን ዝርዝር በገንዘብ ይወስዳሉ። ከዛ ውጪ የዩኒቨርሲቲው ዌብሳይት ላይ "መረጃ ላኩልኝ" የሚል ፎርም ሞልታችሁ ይሆናል፣ ኦንላይን የዩኒቨርሲቲ ፌር ላይ ተመዝግባችሁ ይሆናል፣ ኮመን አፕ የሚባለው በአንድ ማመልከቻ ለብዙ ዩኒቨርሲቲ የሚመለከትበት ዌብሳይት ላይ ዝርዝራችሁ ውስጥ ጨምራችኋቸው ይሆናል።

ይሄን ማወቅ ለምን ይጠቅማል መሰላችሁ፣ ስማችሁና ከተማችሁ ኢሜይሉ ውስጥ መኖሩ ሰው ቁጭ ብሎ ፃፈልኝ እንዳያስብላችሁ ነው። "ደሴ ካሉ ጎበዝ ተማሪዎች አንዷ ነሽ" የሚለውን ዓረፍተ ነገር የፃፈው ኮምፒውተር ነው፣ ደሴ የምትለዋን ከፎርሙ ላይ አንስቶ ባዶ ቦታው ላይ ይሰካታል፣ መርሳ ብትሞሉ መርሳ ይል ነበር። አንዳንዴማ የአባት ስም ከኛ ስም ቀድሞ ስለሚሞላ ደብዳቤው አባትየውን ነው ሚያሞግሰው።

ስለ ስም ካነሳን አይቀር፣ ፓስፖርት ላይ ያለው አፃፃፍ፣ ኤስ ኤ ቲ ላይ ያለውና ማመልከቻው ላይ ያለው አንድ አይነት ይሁን። መሐመድ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ስንት አይነት እንደሚፃፍ ታውቁታላችሁ፣ አንዱ ጋ በአንድ ኤም ሌላው ጋ በሁለት ኤም ከሆነ ውጤታችሁ ፋይላችሁ ጋር አይገናኝምና "ውጤት አልደረሰንም" የሚል ኢሜይል ይመላለስባችኋል።

3. የእውነት ከዩኒቨርሲቲው ነው?

እዚ ላይ ቀስ በሉ። መጀመሪያ የላኪውን አድራሻ ተጭናችሁ ሙሉውን አንብቡት፣ የሚታየው ስም ማንም ሊፅፈው ይችላል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አድራሻ መጨረሻው ዶት ኢዲዩ ነው፣ ይሄን አድራሻ እዛ አገር እውቅና ያለው የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ካልሆነ በቀር አዲስ አውጥቶ ማንም አይወስድም። ከጂሜይል ወይ ከያሁ የመጣ "የአድሚሽን ዳይሬክተር" የሚባል የለም። በርግጥ አንዳንድ ትክክለኛ የማስታወቂያ ኢሜይል በሌላ ድርጅት በኩል ስለሚላክ መጨረሻው ዶት ኮም ሊሆን ይችላል፣ ግራ ካጋባችሁ ኢሜይሉ ውስጥ ያለውን ሊንክ አትጫኑ፣ ጎግል ላይ ራሳችሁ ዩኒቨርሲቲውን ፈልጋችሁ ግቡና የአድሚሽን ኦፊሱን አድራሻ ከዛ ወስዳችሁ "ይሄ ከናንተ ነው ወይ" ብላችሁ ጠይቁ። ይመልሳሉ።

ቴሌግራም ላይ መጥቶ "ሙሉ ስኮላርሺፕ ደርሶሃል፣ ለፕሮሰስ ይሄን ያህል ብር በቴሌብር ላክ" የሚል ሌባ ነው፣ ከዚ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዩኒቨርሲቲ በግለሰብ የንግድ ባንክ አካውንት ገንዘብ አይቀበልም። ሌላው ደሞ ኤጀንት ነን የሚሉ አሉ፣ አንዳንዶቹ ህጋዊ ሆነው ለሚያስገቡት ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው ኮሚሽን ያገኛሉ፣ ስለዚ የሚልኩላችሁ ለናንተ የሚሻለው ጋ ሳይሆን ኮሚሽን የሚከፍለው ጋ ሊሆን ይችላል፣ ይሄን አውቃችሁ አነጋግሯቸው። በነፃ ምክር ለሚፈልግ የአሜሪካ መንግስት ኤጁኬሽን ዩኤስኤ የሚባል የምክር አገልግሎት አለው፣ ክፍያ የለውም፣ ብር ከፍላችሁ ሰው ከማናገራችሁ በፊት እነሱን አናግሩ።

4. ከማስታወቂያው ውስጥ የሚጠቅመውን ልቀሙ

ማስታወቂያ ነው ስላልኩ ሁሉንም ዴሊት አድርጉ ማለቴ አይደለም፣ ውስጡ ጥሩ ጥሩ ነገር ይኖራል።

አንደኛ የማመልከቻ ክፍያ መሰረዝ ነው። ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ከ50 እስከ 90 ዶላር የሚጠይቁ ብዙ ናቸው፣ ዶላሩን ከዚህ ሆኖ መክፈሉ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው፣ ካርድ ያለው ዘመድ ይፈለጋል። "ለአንተ ክፍያውን ሰርዘንልሃል" የሚል ኢሜይል ካገኛችሁ ኮዱን አስቀምጡት። ግን "ተመረጥኩ ማለት ነው" አትበሉ፣ ለሺዎች ይሰጡታል። ኮዱ ያልመጣላችሁም ብትሆኑ ኮመን አፕ ላይ የቤተሰብ አቅም አነስተኛ መሆኑን ገልፃችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ወይ ለአድሚሽን ኦፊሱ ሁለት መስመር ኢሜይል መፃፍ ነው፣ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ።

ሁለተኛ ኦንላይን ገለፃ ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ምን ያህል እኛን ይፈልጋል የሚለውን ያያል፣ ኢሜይል ከፈተ ወይ፣ ገለፃ ላይ ተገኘ ወይ ብሎ ይመዘግባል። ኤምአይቲን የመሰለው ደሞ ይሄን ጭራሽ አይቆጥርም። የትኛው እንደሚቆጥር ማወቅ ከፈለጋችሁ የዩኒቨርሲቲውን ስም ፅፋችሁ "ኮመን ዳታ ሴት" ብላችሁ ፈልጉ፣ በየዓመቱ የሚያወጡት ሰነድ ነው፣ ውስጡ ክፍል ሲ7 ላይ ለምን ነገር ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጡ በሰንጠረዥ ተቀምጧል፣ የአመልካቹ ፍላጎት የሚለው መስመር ላይ "አይታይም" ካለ ዳታችሁን ቆጥቡ። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር የሁሉንም ገለፃ እከታተላለሁ ብሎ ዳታ መጨረስ ያሳዝነኛል።

"ኧርሊ ዲሲዥን ብታመለክት እድልህ ይሰፋል" የሚል ኢሜይል ከመጣ ቆም በሉ። ይሄ አሰራር ከተቀበሉህ ሌላ ቦታ ላትሄድ ፈርመህ የምታመለክትበት ነው፣ የመጀመሪያው ዙር ብዙ ጊዜ ጥቅምት 22 ወይ ከዛ ሁለት ሳምንት በኋላ ይዘጋል፣ ሁለተኛው ዙር ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ነው። እነሱ የሚፈልጉት እርግጠኛ ሆኖ የሚመጣላቸውን ተማሪ ነው። የሚሰጡት እርዳታ ካልበቃችሁ ለመውጣት ይፈቅዳሉ፣ ቢሆንም ገንዘቡን ሳታጣሩ አትፈርሙ።

5. ካመለከታችሁ በኋላ የሚመጣው ስራ ነው፣ አትዘናጉ

እስካሁን ያልኩት ቀላሉ ነው፣ ብዙ ልጅ እድሉን የሚያጣው እዚ ጋ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ማስታወቂያ ሲመጣለት የነበረ ልጅ ኢሜይል ማየት ይሰለቸዋል፣ ከዛ ዋናው ኢሜይል በመሀል ያልፈዋል። ስለዚ ሰብሚት ካደረጋችሁ ቀን ጀምሮ በየቀኑ፣ ስፓሙን ጨምሮ፣ ማየት ግዴታ ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው የፖርታል መግቢያ ነው። ፖርታል ማለት የናንተ ፋይል ያለበት ገፅ ነው፣ ምን ደረሰ ምን ጎደለ የሚለው እዛ ላይ በአረንጓዴና በቀይ ምልክት ይታያል። ውጤቱም የሚወጣው እዛው ስለሆነ ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ፃፉት፣ ስልክ ይጠፋል ይሰበራል።

ቀጥሎ "ሰነድ ጎድሏል" የሚል ኢሜይል ይመጣል። አትደንግጡ፣ ብዙ ጊዜ ማሽኑ ነው የሚልከው፣ አስተማሪያችሁ የላኩት ነገር ደርሶ ገና ፋይል ውስጥ አልገባ ይሆናል። አንድ ሳምንት ጠብቃችሁ ፖርታሉ ላይ ካልተስተካከለ ፃፉላቸው። በእውነት የጎደለ ከሆነ ግን ለምሳሌ ትራንስክሪፕት ከሆነ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ የሚመለከተውን መምህር ይዛችሁ እዛው ቁጭ ብላችሁ አስልኩ፣ "ነገ እልካለሁ" የሚለውን ተማምናችሁ ወደ ቤት አትሂዱ፣ መምህሩ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ 60 ተማሪ የሚያስተምር ሰው ይረሳል።

በጣም የማሳስባችሁ ደሞ "ትራንስክሪፕትህ ላይ ክፍተት አለ፣ አብራራ" የሚለውን ነው። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ትምህርት የተቋረጠበት፣ ቤተሰቡ የተሰደደበት፣ የትምህርት ቤቱ መዝገብ የጠፋበት ልጅ ብዙ ነው፣ ከዛም ወዲህ ትምህርት በየጊዜው የተቋረጠባቸው ወረዳዎች አሉ። ይሄን ጥያቄ ክስ አድርጋችሁ አትውሰዱት። እንደውም እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው ፋይላችሁን በእጁ ይዞ እያነበበ ነው ማለት ነው፣ ሊረዳችሁ ይፈልጋል። የሆነውን በቀንና በቦታ ፃፉ፣ ከመቼ እስከ መቼ ትምህርት እንዳልነበረ፣ የት ተሰዳችሁ እንደከረማችሁ፣ ስትመለሱ እንዴት እንዳካካሳችሁ። ማጋነን አያስፈልግም፣ የሆነው በራሱ ይበቃል። ከትምህርት ቤቱ ማህተም ያለበት አንድ ገፅ ደብዳቤ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር ማያያዝ ከቻላችሁ በጣም ጥሩ ነው። ዓመተ ምህረቱን ወደ ፈረንጅ መቀየር አትርሱ፣ 2014 ብላችሁ ብቻ ከፃፋችሁ አንባቢው ግራ ይገባዋል፣ ያኔ እናንተ የስንት ዓመት ልጅ እንደነበራችሁ ይጠፋበታል።

የገንዘብ ጥያቄም ይመጣል። የወላጅ ገቢ ማስረጃ ይጠይቃሉ፣ የእነሱ ፎርም ደሞ ደሞዝተኛ ቤተሰብ ታስቦ የተሰራ ነው። አባት ገበሬ ከሆኑ ከቀበሌ የመሬት መጠንና የዓመት ገቢ ግምት የሚገልፅ ደብዳቤ፣ ነጋዴ ከሆኑ ከገቢዎች የግብር ወረቀት፣ አነስተኛ ነጋዴ ከሆኑም የከፈሉበት ደረሰኝ፣ ከውጭ ዘመድ የሚልክ ካለ እሱንም በግልፅ ማስቀመጥ ነው። "ቤተሰብህ ከዚህ በላይ ማዋጣት ይችላል ወይ?" ብለው በኢሜይል ቢጠይቁ እንዲቀበሉን ብላችሁ የሌለ ብር አትፃፉ። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ አገር ተማሪ ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን ያያሉ፣ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትማውዝ፣ ቦውዶይን የመሳሰሉ ጥቂቶች ናቸው አቅምን ሳያዩ መርጠው ከዛ የጎደለውን በሙሉ የሚሸፍኑት። እሺ እከፍላለሁ ብላችሁ ብትፈርሙና ብትገቡ ያ ብር በየዓመቱ ይጠየቃል፣ ቪዛ ላይም ይጠየቃል።

ኢንተርቪው ከመጣስ? ኢንተርቪው መጥራት መቀበል አይደለም፣ አለመጠራትም መውደቅ አይደለም፣ ብዙ ቦታ የሚወሰነው የሚጠይቅ የቀድሞ ተማሪ በመገኘትና ባለመገኘቱ ነው። ቀጠሮው ላይ ግን ሰዓቱን ሁለቴ አስሉት። በብርዱ ወራታቸው ኒውዮርክና እኛ የ8 ሰዓት ልዩነት አለን፣ እነሱ ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት ካሉ እኛ ጋ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው፣ በሙቀቱ ወራታቸው ደሞ 7 ሰዓት ይሆናል ልዩነቱ። "3 ሰዓት" የሚለውን አይቶ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ዩኒፎርም ለብሶ ስልክ ፊት የተቀመጠ ልጅ አውቃለሁ። ኮመን አፕ ላይ ግን ማመልከቻው የሚዘጋው እናንተ ባላችሁበት ሰዓት አቆጣጠር ነው፣ የጥር 1 የፈረንጅ ዴድላይን ታኅሣሥ 23 አካባቢ ከምሽቱ 5፡59 ላይ ያልቃል ማለት ነው።

መብራትና ኔትወርክ የታወቀ ነው። በኢንተርቪው ቀን መብራት ሊጠፋ እንደሚችል አስቀድማችሁ ፃፉላቸው፣ ስልክ ቁጥርም ስጧቸው፣ ከተቋረጠም በማግስቱ ምክንያቱን ፅፋችሁ ሌላ ቀን ጠይቁ። በተለይ ሞባይል ዳታ ለሳምንታት በጠፋባቸው ጊዜያት ብዙ ልጅ "ዴድላይን አለፈ በቃ" ብሎ ተወው፣ አይደለም፣ ኢንተርኔት መዘጋቱን ፅፋችሁ ከነገራችኋቸው ብዙ አድሚሽን ኦፊሶች ተጨማሪ ቀን ይሰጣሉ። ካልጠየቃችሁ ግን አይሰጧችሁም።

ከዩኒቨርሲቲው አንድ ሐበሻ ተማሪ በዋትሳፕ ቢያናግራችሁ ደሞ ደስ የሚል ነገር ነው፣ ተጠቀሙበት። ብዙ ጊዜ አድሚሽን ኦፊሱ ውስጥ ትርፍ ሰዓት የሚሰሩ ተማሪዎች ናቸው፣ የመወሰን ስልጣን የላቸውም፣ ስለዚ "አስገቢኝ" ብላችሁ አታስጨንቋቸው። እውነቱን የሚነግሯችሁን ነገር ጠይቁ፣ አንተ በዓመት ከኪስህ ስንት ትከፍላለህ፣ እረፍት ላይ ካምፓሱ ሲዘጋ የት ታድራለህ፣ ፆም ሲሆን ምግብ እንዴት ነው፣ መስጊድ ወይ ቤተክርስቲያን ቅርብ አለ ወይ።

6. መልስ እንዴት ይፃፋል

አጭር። ሰላምታ፣ ጥያቄያቸውን መመለስ፣ ምስጋና፣ ሙሉ ስም ከአመልካች ቁጥር ጋር፣ አለቀ። አማርኛ ላይ የለመድነውን ጤና ይስጥልኝ እንደምን ሰነበቱ ብሎ ገፁን መሙላት እዚ አይሰራም፣ "ቤተሰቤ ችግረኛ ነው እባክዎን በፈጣሪ" የሚለውም አይሰራም፣ ፋይሉ ላይ አለላቸው። ለማስታወቂያ ኢሜይል መልስ አያስፈልግም። በራሱ ስም የፃፈ፣ ድርሰታችሁ ውስጥ ያለ ነገር ያነሳ፣ ለምሳሌ ስለ ባቲ ገበያ የፃፋችሁትን ጠቅሶ የጠየቀ ሰው ካለ ግን በ2 ቀን ውስጥ መልሱ፣ እሱ ሰው ነው፣ አንብቧችኋል። ብዙ ዩኒቨርሲቲ ለአፍሪካ የተመደበ አንድ አንባቢ አለው፣ ኮሚቴ ላይ ስለናንተ የሚናገረውም ያ ሰው ነው።

7. ውጤት የሚመስሉና ውጤት የሆኑ ደብዳቤዎች

"ላይክሊ ሌተር" የሚባል አለ፣ አይቪ ሊግ የሚባሉት 8 ታዋቂ ዩኒቨርሲቲዎች (ሃርቫርድና ዬልን የመሳሰሉ) በጣም ለሚፈልጉት ተማሪ ከመጋቢቱ ውጤት በፊት "ልንቀበልህ ነው፣ ውጤትህን አታበላሽ" ብለው የሚልኩት። ይሄ የእውነት መልካም ዜና ነው፣ ግን የሚደርሰው ለጥቂት ሰው ስለሆነ አልመጣልኝም ብላችሁ እንቅልፍ አትጡ፣ አብዛኛው የሚያልፈው ያለሱ ነው።

"ዲፈር" ማለት ከኧርሊው ዙር ወደ መደበኛው ተዛውረሃል ነው። "ዌይትሊስት" ማለት ቦታ ከተረፈ እናስብሃለን ነው፣ ተስፋው ትንሽ ነው፣ ገንዘብ ለሚፈልግ የውጭ ተማሪ ደሞ የበለጠ ያንሳል። ልቀጥል ካላችሁ ፖርታሉ ላይ እሺ በሉና ወደ ሌላው እቅዳችሁ ዙሩ። "በቅድመ ሁኔታ ተቀብለንሃል፣ መጀመሪያ የቋንቋ ፕሮግራም ግባ" የሚል ካለ ያ ፕሮግራም የራሱ ክፍያ አለው፣ ስኮላርሺፑ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍነውም።

ሳታመለክቱ "በፕሮፋይልህ ተቀብለንሃል" የሚሉም መጥተዋል፣ አንዳንዱ ትክክለኛ ነው፣ የመግቢያ መስፈርታቸው ዝቅ ያለ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያደርጉት ነው። እዚ ላይ ጥያቄው መቀበላቸው አይደለም፣ ገንዘቡ ነው።

8. የስኮላርሺፕ ደብዳቤውን በወረቀት አስሉት

ባለፈው አንድ አባት ከሐይቅ ልጃቸውን ይዘው ደሴ ፒያሳ አገኙኝ። ልጁ ስልኩን አወጣ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ነው፣ በስንጥቁ መሀል "እንኳን ደስ አለህ፣ የ80,000 ዶላር ስኮላርሺፕ" የሚለው በደማቁ ይታያል። አባትየው አንዴ እኔን አንዴ ስልኩን እያዩ "ልጄ፣ እንግዲህ ሰንጋዎቹን ልሽጣቸው? ለትኬቱ ይበቃል አሉኝ" አሉ። አባቴ ትንሽ ይታገሱ ብያቸው ደብዳቤውን ወደ ታች አወረድነው። 80,000 የሚለው የ4 ዓመቱ ድምር ነው፣ በዓመት 20,000 ማለት ነው። ትምህርት፣ ዶርም፣ ምግብ፣ ኢንሹራንስ ተደምሮ የዩኒቨርሲቲው የዓመት ወጪ 58,000 ነው። የልጁ ደብተር ላይ ፃፍነው፣ 58,000 ሲቀነስ 20,000 ይቀራል 38,000 ዶላር፣ በየዓመቱ፣ ለ4 ዓመት 152,000። አባትየው ቁጥሩን ወደ ብር እንድቀይርላቸው ጠየቁኝ፣ ቀየርኩላቸው፣ ልጁ አንገቱን ደፋ። ደብዳቤው ውሸት የለበትም፣ ልጁም ጎበዝ ነው፣ ግን ያ ቤተሰብ ሊከፍለው የሚችለው አልነበረም። አብሽር ሌሎቹ ገና አልመለሱም ተባብለን ተለያየን።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ፖርታሉ ላይ ወይ ዌብሳይቱ ላይ የዓመት ጠቅላላ ወጪ የሚለውን ፈልጉ፣ ትምህርት ክፍያውን ብቻ የሚያሳየውን አትያዙ። ከሱ ላይ ስኮላርሺፑን ቀንሱ። ብድር ወይ የካምፓስ ስራ ብለው የደመሩት ካለ ለብቻ አውጡት፣ እሱ በእጅ ያለ ገንዘብ አይደለም። የቀረውን ቁጥር ቤተሰብ ሊከፍል የሚችለው ነው ወይ በሉ። ካልሆነ ደሞ ዝም ብላችሁ አትተዉት፣ ለፋይናንሻል ኤይድ ኦፊሱ (የገንዘብ እርዳታ ቢሮው) ፃፉና "ይሄን ያህል ጎድሎኛል፣ እንደገና ልታዩልኝ ትችላላችሁ ወይ" በሉ፣ አዲስ ሰነድ ካላችሁ አያይዙ፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የተሻለ ከሰጣችሁም ያንን ደብዳቤ አሳዩ። አንዳንዴ ይጨምራሉ።

9. ለቤተሰብ ምን ይነገራል፣ ቀጥሎስ ምን ይደረጋል

ወላጆች ኢሜይሉን አያነቡትም፣ የሚያነቡት የናንተን ፊት ነው። ከመጀመሪያው ከሶስቱ የትኛው እንደሆነ ንገሯቸው፦ ማስታወቂያ ነው፣ ወይ ጥያቄ ነው፣ ወይ ውጤት ነው። ውጤት እስኪሆን ድረስ ዘመድ ጋ አይደወል፣ ከብት አይሸጥ፣ እቁብ በቅድሚያ አይወሰድ። የኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ፈተናችሁንም በደንብ ተዘጋጅታችሁ ውሰዱ፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ የመጨረሻ ውጤት ሊጠይቅ ይችላል፣ ካልተሳካም ምደባው አለ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላው ጋ ገብቶ በማስተርስ መሄድ ያለ መንገድ ነው።

የእውነተኛው ውጤት ምልክት ይሄ ነው፦ ፖርታሉ ላይ "ተቀብለንሃል" ይላል፣ የገንዘብ ደብዳቤው አብሮ ወይ ተከትሎ ይወጣል፣ እስከ ግንቦት መጀመሪያ የፈረንጅ፣ ማለትም ሚያዝያ 23 አካባቢ፣ እመጣለሁ ወይ አልመጣም በል ይላችኋል። ማረጋገጫ ዲፖዚት ይጠይቃሉ፣ ይሄ ትክክለኛ ክፍያ ነው፣ በፖርታሉ በኩል ነው የሚከፈለው፣ አቅም ከሌላችሁ እንዲሰረዝ ወይ እንዲዘገይ ጠይቁ። ከዛ የገንዘብ ማስረጃ ትልካላችሁ፣ አይ ትዌንቲ የሚባለውን ፎርም ይሰጧችኋል፣ ያለሱ የተማሪ ቪዛ አይጠየቅም። ፎርሙ ሲመጣ ስማችሁ ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል በፊደል አመሳክሩ፣ ቀጥላችሁ የሴቪስ (የአሜሪካ መንግስት የውጭ ተማሪ መመዝገቢያ) ክፍያ 350 ዶላር አለ፣ የሚከፈለው በአሜሪካ መንግስት ዌብሳይት ላይ ነው፣ ደረሰኙን ፕሪንት አድርጋችሁ ያዙ፣ የኤምባሲ ቀጠሮ ደሞ ቶሎ ስለሚሞላ አይ ትዌንቲው በደረሰ ሳምንት ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ቀጠሮ ያዙ። ፓስፖርት የሌላችሁ ግን ውጤት አትጠብቁ፣ አሁኑኑ ጀምሩት። እምቢ የምትሉት ዩኒቨርሲቲ ካለም ፖርታሉ ላይ "አልመጣም" የሚለውን ተጫኑላቸው፣ ዌይትሊስት ላይ ያለ ሌላ ልጅ ያንን ቦታ እየጠበቀ ነው።